የምጥ ሕመምና ማስታገሻው፤ አጭር ታሪክ



«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። እኔም ወንድ ሆኜ፣ ያውም ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ፣ ለእናቶች ስለ ምጥ ልጽፍ መነሣቴ ከዚያች ልጅ ድፍረት የባሰ መሆኑን አላጣሁትም። ይሁንና የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከአባሎች ጽሑፍ ይምጣ» ባሉ ጊዜ በእጄ የነበረው ነገር ይኸው ብቻ ስለ ሆነ ይቅርታችሁን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከጎረቤታችን ቤት ነው። የእኚህ እናት ልጅ አሜሪካን አገር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። የሐኪም ቤቱ ሰዎች «ምጥሽ ሲመጣ ሕመሙን በምን እናስታግስልሽ? አስቢበትና ንገሪን» ብለው ወረቀት ሰጥተዋታል። እሷም ስልክ ደውላ እናቷን ጠየቀች። ቡና ላይ ስለ ነበርን ጥያቄው የሁላችንም ሆነ። እናትየዋ «እኔ አምስት ስወልድ ማርያምን ጠርቼ እንጂ መርፌ ተወግቼ አይደለም» አሉ። አክስቷ «ወገብ ላይ የሚወጉት መርፌ ሽባ ያደርጋል፤ ይቅርብሽ» አሉ። አንድ አዛውንት ደግሞ «ሔዋን የተፈረደባትን ማን ሊሽር ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቱ በስልኩ ወዲያ ጫፍ ዝም ብላ ታዳምጣለች። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ያላት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

በመጨረሻ እናትየዋ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ መጽሐፍ አገላባጭ አይደለህ? እስቲ እየው» አሉኝ። አየሁት። ቡናው ላይ የተሰነዘሩት ሦስቱም ክርክሮች ከ170 ዓመት በፊት በስኮትላንድ ከተማ በኤዲንበርግ ተነሥተው እንደ ነበር አገኘሁ። (የራሴን ቤት ነገር ካልሆነ በቀር ከዚህ በታች የሚመጣው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ኤዲንበርግ በዚህ ጉዳይ መጥፎ ትዝታ ያላት ከተማ ናት። በ1591 ኢዩፌም ማካልዚን የምትባል ባለጸጋ ሴት በጥንቆላ ተከሳ በእሳት ተቃጥላለች። ከተደረደሩባት ክሶች አንዱ፣ በወሊዷ ጊዜ የምጧን ሕመም ለማራቅ በአስማት ተረድታለች የሚል ነበር። የተቃጠለችው በዚህ ብቻ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ነገሩን ማጋነን ነው፤ በንጉሡ ላይ ተማክረሻል የሚል ከባድ ክስም ነበረባት። ቢሆንም ከምጥ ሕመም ለመሸሽ መሞከር በክስ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ነገር ነበር ማለት ነው።

ከዚያ 256 ዓመት በኋላ እዚያው ከተማ ውስጥ ጄምስ ያንግ ሲምሰን የሚባል ሐኪም ተነሣ። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፤ በ1811 ተወልዶ ገና በ28 ዓመቱ በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ትምህርት ፕሮፌሰር ለመሆን በቅቷል። በተማሪነቱ ዘመን የአንዲት ሴት ጡት ያለ ማደንዘዣ ሲቆረጥ አይቶ ሕክምናውን ትቶ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሊፈልግ ወጥቶ እንደ ነበር ይነገራል። በዚያ ዘመን ቀዶ ጥገና ማለት በሽተኛውን አራትና አምስት ሰው ይዞት፣ ሐኪሙ የቻለውን ያህል ፈጥኖ መቁረጥ ነበረ። በኦክቶበር 1846 ዊሊያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ቦስተን ከተማ ውስጥ በኤተር እንፋሎት ሰውን አደንዝዞ በሐኪሞች ፊት ቀዶ ጥገና ሲደረግ ወሬው ባሕር ተሻገረ። ሲምሰንም ጊዜ አላጠፋም። ጃንዋሪ 19 ቀን 1847 ዳሌዋ ከልክ በላይ የጠበበባትን አንዲት እናት ኤተር እያሸተተ አዋለዳት። በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ አሜሪካን አገር የባለቅኔው የሎንግፌሎ ሚስት ፋኒ እንደዚሁ በኤተር ወለደች።

ኤተር ግን ሽታው ይከረፋል፣ ያስላል፣ ብዙም ይፈጃል። ሲምሰን የተሻለ ፍለጋ ማታ ማታ ከሁለት ረዳቶቹ ከኪትና ከዳንከን ጋር እቤቱ የራት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ልዩ ልዩ ፈሳሽ በብርጭቆ እየቀዳ ያሸት ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ዛሬ ማንም እንዲህ አድርጎ መድኃኒት ቢመረምር ፈቃዱን ይቀማል። ኖቬምበር 4 ቀን 1847 ማታ ተራው የክሎሮፎርም ሆነ። መጀመሪያ ሣቅና ጨዋታ በዛ፤ ቀጥሎ ዝም ተባለ፤ ሲነቁ ራሳቸውን ወለሉ ላይ ወድቀው አገኙት።

በጥቂት ቀን ውስጥ አንዲት የሐኪም ሚስት ምጥ ያዛት። ይህች ሴት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አምጣ ሦስት ቀን ሙሉ ከተሠቃየች በኋላ የሕፃኑ ራስ ተበስቶ ነበር የወጣላት። ሁለተኛውን ምጥ እንዴት ባለ ፍርሃት እንደ ጠበቀችው መገመት አያዳግትም። ምጡ ከገባ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሲምሰን መሐረብ ጠቅልሎ ክሎሮፎርም አንጠበጠበበትና አሸተታት፤ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ልጅ ተወለደ። እናትየዋ ስትነቃ ሕፃኗን ሲያሳዩዋት የራሷ ልጅ መሆኗን ለማመን አቅቷት ነበር። ስለዚች ሕፃን «አኔስቴዢያ ተብላ ተጠመቀች» የሚል ተረት በየመጽሐፉ ይገኛል፤ አኔስቴዢያ ማለት ማደንዘዣ ማለት ነው። እውነተኛ የጥምቀት ስሟ ግን ዊልሄልሚና ነው።

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንምጣ። ሲምሰን የሃይማኖት ክርክር እንደሚመጣበት ስለ ገመተ በዚያው በዲሴምበር 1847 መልስ የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሦስት ነገር አነሣ። አንደኛ፣ እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንት ሲወስድ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ ጥሎበታል፤ ይህ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 21 ያለ ነው። ሁለተኛ፣ ለሔዋን የተነገረው የዕብራይስጥ ቃል ሕመምን ብቻ ሳይሆን ልፋትንና ድካምንም ያመለክታል። እዚህ ላይ እኔም የራሴን ልጨምር፤ የእኛን የአማርኛ መጽሐፍ ገልጬ ሳየው ለሔዋን በተነገረው ቁጥር 16 ላይ «ጭንቅ»፣ ለአዳም በተነገረው ቁጥር 17 ላይ «ድካም» ተብሎ የተተረጎመው በዕብራይስጡ ከአንድ ሥር የወጣ ቃል ነው። ሦስተኛውም ከዚህ የተያያዘ ነው፤ አዳም በእሾህና በአሜከላ መካከል እንዲለፋ ተፈርዶበታል፤ ነገር ግን አረም የነቀለ ገበሬ፣ በበሬ ያረሰ ገበሬ ኃጢአት ሠራህ ተብሎ አያውቅም። የወንዱን ድካም በበሬና በሞፈር ማቅለል ከተፈቀደ የሴቲቱን ማቅለል ስለ ምን ይከለከላል?

የሚያስደንቀው ግን በኋላ ዘመን የታሪክ ሊቃውንት መዛግብቱን ሲመረምሩ በዚያን ጊዜ ከቀሳውስት ወገን የተነሣው ተቃውሞ እንደሚወራው ብዙ ሆኖ አላገኙትም። ሲምሰን መልሱን የሰጠው ክርክሩ ገና ሳይበረታ ነው። እንዲያውም የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1956 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ በሔዋን ላይ የተነገረው ፍርድ እናቶች ወሊድን የሚያቀል ዘዴ እንዳይጠቀሙ አልከለከለም ብለዋል። የእኛን ቤተ ክርስቲያን በሚመለከት ግን እኔ አልፈርድም፤ የነፍስ አባት ያለው የነፍስ አባቱን ይጠይቅ።

ብርቱው ተቃውሞ የመጣው ከሐኪሞቹ ከራሳቸው ነው። የፊላደልፊያው የማዋለድ ፕሮፌሰር ቻርልስ ሜግስ የምጥ ሕመም ጠቃሚ የተፈጥሮ ኃይል ነው፣ አዋላጁም የምጡን አካሄድ የሚያውቀው በሕመሙ ነው ብሎ ተሟገተ። እሱ አንድም ቀን አላማጠም፤ ይህን እንዳነብ ያስገደደኝ ጎረቤቴ ሲሰሙት ከት ብለው ሣቁ። ይሁን እንጂ የሜግስ ወገኖች ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። በጃንዋሪ 1848፣ ማለትም ክሎሮፎርም ሥራ ላይ በዋለ በሦስተኛው ወር፣ ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጅ ኒውካስል አጠገብ የእግሯ ጥፍር ሊነቀል ክሎሮፎርም አሽተዋት እዚያው ሞተች። መድኃኒቱ ልብን ሊያቆም እንደሚችል ታወቀ።

ክርክሩን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት፣ መልሱ ዘግይቶ ያ ሁሉ መዘዝ የመጣባት ንግሥት። አፕሪል 7 ቀን 1853 ስምንተኛ ልጇን ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም ቤተ መንግሥት ተጠራ። ይህ ስኖው በሚቀጥለው ዓመት ኮሌራ በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ መሆኑን በለንደን የውኃ ቧንቧ ያስረዳው ሰው ነው። እንደ ሲምሰን አላደረገም፤ ንግሥቲቱን ጨርሶ አላስተኛትም። በእያንዳንዱ ምጥ መጀመሪያ ላይ በመሐረብ ጥቂት ጥቂት እየሰጠ ለ53 ደቂቃ ያህል ሕመሙን አደበዘዘላት፤ አእምሮዋን ግን አልሳተችም። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻዋ ላይ እጅግ አመስግናዋለች፤ በ1857 የመጨረሻ ልጇን ስትወልድም አስጠርታዋለች። ላንሴት የተባለው የሐኪሞች መጽሔት ግን በ1853 ጉዳዩን ነቅፎ ነበር። የመጽሔቱ ነቀፋ ዘውድ ላይ ምን ሊያደርግ? ከዚያ ወዲህ የከበርቴ ሚስቶች ሁሉ «የንግሥቲቱን መድኃኒት» ይሉ ጀመር።

ልብ በሉልኝ፤ ንግሥት ስለ ሆነች ነው የጠየቀችው የተሰጣት። ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ለመጠየቅም ለመስማትም ዕድል ስላላገኙ ሴቶች ነው።

በ1906 ገደማ ጀርመን አገር ፍራይቡርግ ከተማ ካርል ጋውስና በርንሃርት ክሮኒግ የተባሉ ሐኪሞች ሞርፊንና ስኮፖላሚን የሚባል መድኃኒት ቀላቅለው ይወጉ ጀመር። ዘዴው «የድንግዝግዝ እንቅልፍ» ተባለ። በ1914 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ስለ ነገሩ ሲጽፍ ሴቶቹ ማኅበር አቋቁመው «ይህ መድኃኒት ይሰጠን» ብለው ተነሡ። እንግዲህ ሴቶች ራሳቸው ተሰብስበው ስለ ምጣቸው የጠየቁበት ትልቅ ጊዜ ይህ ነው። ጉዱ ግን ሌላ ነበር። ስኮፖላሚን ሕመምን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ትዝታን ነው። ሴቲቱ ታምጣለች፣ ትጮኻለች፣ ትወራጫለች፤ ጠዋት ስትነቃ ግን ምንም አታስታውስም። አልጋው ጨርቅ ይለበጣል፣ ዓይኗ ይሸፈናል፣ እጇ ይታሰራል። ፍራይቡርግ ጸጥ ባለ ክፍል በጥንቃቄ የተደረገው ነገር በየከተማው በችኮላ ሲደረግ ማሠቃያ ሆነ። እስከ 1950ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ብዙ ሐኪም ቤቶች ቆይቷል። በ1957 አንድ የሴቶች መጽሔት በማዋለጃ ክፍሎች የሚደርሰውን ግፍ የሚገልጽ ደብዳቤ ሲያትም ከአንባቢዎች የመጣው የብሶት ደብዳቤ ብዙ ነበር። ከሁሉ የነካኝ ይህ ነው፤ ሴቶቹ የጠየቁትና የተሰጣቸው አንድ ስም ነበረው፤ ነገሩ ግን አንድ አልነበረም።

ይህን ሳነብ የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። በ1971 ዓ.ም. ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስታምጥ ወደ አንድ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ስሙን ተዉት። እኔንም እናቷንም በር ላይ አስቀሩን። ማስታገሻ የሚባል ነገር ማንም አላነሣም። ሕመሙ ሲጸናባት ብትጮህ አንዲት ሠራተኛ «ያን ጊዜ መች ጮኽሽ?» አለቻት። ምን ለማለት እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ ሕመሙን ረስታዋለች፤ ሦስትም ደግማለች። ያን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ ሁለተኛውን ልጅ ሐኪም ቤት አልሄድም ብላ እቤት የወለደችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደኅና ወጣላት እንጂ ባይወጣላት ኖሮ ጥፋቱ የማን ይሆን ነበር?

እቤት መውለድ ምን ሊያመጣ እንደሚችል የምናውቅ ሰዎች ነንና እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1959 ከአውስትራሊያ መጥተው በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መሥራት ጀመሩ፤ በ1974 ደግሞ የፌስቱላን ሆስፒታል አቋቋሙ። ዶክተር ካትሪን እስከ 2020፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ከአገራችን አልተለዩም። የሕፃኑ ራስ ከዳሌ አጥንት ላይ ተቀርቅሮ ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ በመካከል የታሰረው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ይበሳል፤ ሽንት መቋጠር ይቀራል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ለዚህ ምጥ የማስታገሻ መርፌ መልስ አይደለም፤ መልሱ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። በአገር አቀፍ ጥናቶች እንደ ታየው በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን እናቶቻችን ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ አንድ ነገር እቤት ጥለው ሄደዋል፤ ይኸውም ሰው ነው። እቤት የምታምጥ ሴት ዙሪያዋን እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ከቧት፣ ወገቧን እያሹ፣ ማርያም ማርያም እያሉ ነበር። ሐኪም ቤት በር ላይ ዘበኛው ሁላችንንም አስቀረን። ይህ «የድሮ ወግ» ብቻ መስሎን ነበር። በ2017 የወጣ አንድ የምርምር ስብስብ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ ነበር፤ በምጥ ጊዜ ከአጠገቧ የማይለይ ሰው ያላት ሴት የማስታገሻ መድኃኒት የመፈለጓና በቀዶ ጥገና የመውለዷ ዕድል ይቀንሳል፣ ምጧም ያጥራል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው መመሪያ ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። እንግዲህ የጎረቤቴ «ማርያምን ጠርቼ» ማለት ከንቱ አልነበረም፤ ጉድለቱ ለልጃቸውም ይኸው ብቻ ይበቃታል ማለታቸው ነው።

የቀረው የአክስቲቱ ነገር፣ የወገቡ መርፌ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1900 ኦስካር ክራይስ የተባለ ሐኪም በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ስድስት ወላዶችን በአከርካሪያቸው ውስጥ ኮካይን ወግቶ ከወገባቸው በታች አደነዘዘ። በ1921 የስፔን የጦር ሠራዊት ሐኪም የሆነው ፊደል ፓሄስ ዛሬ ኤፒዱራል የምንለውን ዘዴ በጽሑፍ ገለጸ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በመኪና አደጋ ስለ ሞተ ስሙ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቆየ። በ1940ዎቹ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ መድኃኒቱን እየጨመሩ ማቆየት ተቻለ። መድኃኒቱ የሚገባው የአከርካሪውን ነርቭ ከሸፈነው ልባስ በስተውጭ ነው፤ እናትየዋ ነቅታ ትናገራለች፣ ልጇ ሲወለድ ታያለች። ከዚሁ ጎን ሌሎችም አሉ። በ1880ና 81 ስታኒስላቭ ክሊኮቪች የተባለ የሩሲያ ሐኪም በሴንት ፒተርስበርግ የጀመረው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ፤ ሴቲቱ ራሷ ጭምብሉን ይዛ በምጡ ሰዓት ትስበዋለች። ፔቲዲንና የመሳሰሉት መርፌዎችም አሉ፤ እነዚህ ወደ ሕፃኑም ስለሚያልፉ አንዳንዴ ሲወለድ ያንቀላፋል፣ ትንፋሹም ይደክማል።

ሽባ ያደርጋል ወይ? በነርቭ ላይ የማይድን ጉዳት የሚደርሰው እጅግ እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ለብዙ ጊዜ የሚቆይ የጀርባ ሕመም መርፌውን በወሰዱና ባልወሰዱ ሴቶች ላይ ሲነጻጸር ልዩነት አልተገኘም፤ እርግዝናው ራሱ ጀርባ ያማል። ከመቶ አንዲት ያህል ሴት ከባድ የራስ ምታት ይደርስባታል፤ ይታከማል። የደም ግፊት ሊወርድ፣ ትኩሳት ሊመጣ፣ እግር ሊከብድ፣ ምጡም ሊረዝም ይችላል። በቀዶ ጥገና የመውለድን ዕድል ግን አይጨምርም። ሆኖም ሁልጊዜ የሠለጠነ ባለሙያና ክትትል ይፈልጋል፤ ስለዚህም ነው በአገራችን በአብዛኛው የመንግሥት ጤና ተቋም ያልተለመደው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ጤነኛ ወላድ ማስታገሻ ከጠየቀች እንደ ምርጫዋ ኤፒዱራል፣ ሌላ መርፌ፣ ወይም ማሸትና የመተንፈስ ዘዴ ይሰጣት ይላል። «ከጠየቀች» የሚለውን ቃል ሳነብ የቡናው ዕለት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ሄጄ አነበብኩላቸው። ከሁሉም ያመኑኝ የገበሬውን አረም ነው። ከዚያ ስልክ ደውለው በፊቴ «እኔ ያልኩሽን ተዪው፤ አንቺ ምን አሰብሽ?» አሏት። ልጅቱም ሳትዘገይ መለሰች፤ ለካስ ቀድሞ አስባበታለች። መጀመሪያ በራሷ ልትሞክር፣ ካቃታት መርፌውን ልትጠይቅ፣ እንዳትለወጥ አስቀድማ ላትፈርም።

ምጡ በሌሊት መጣ፤ እዚህ ቀን ነበር። ለስምንት ሰዓት ያህል ባሏ ወገቧን ሲያሽ፣ እናቷ በስልክ ማርያም ማርያም ሲሉ ቆዩ። በስምንተኛው ሰዓት መርፌውን ጠየቀች፤ ተሰጣት። እናትየዋ በስልኩ የልጃቸው ድምፅ ድንገት ረጋ ሲል ሞተች ብለው ጮኹ፤ ልጅቱ «እማዬ አለሁ፤ አሁን አያመኝም፤ አንቺ ቀጥይ» አለቻቸው። ቀጠሉ። ሴት ልጅ ተገኘች። ገንፎው እዚህ ሰፈር ተገንፍቶ እኛ በላነው፤ አዛውንቱም መጥተው ነበር።